ለእኔ ተዉት

የሆርንቤክ ሰው ችግር ሲገጥመው ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ አይሄድም ነበር፤ ወደ ዊልፍ ቶርፕ ነበር የሚሄደው። የመንገድ መብራት የጠፋበትም፣ ፍሳሽ ደጁ ላይ የፈነዳበትም፣ የጎረቤቱ ውሻ እንቅልፍ የነሳውም ዊልፍን ወይ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ወይ በሠራተኞች ክበብ ቢራውን ይዞ ያገኘዋል። ዊልፍ ራሱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ የባለጉዳዩን ክንድ መታ መታ ያደርግና «ለእኔ ተወው» ይላል። ሰውየው ችግሩ ያለቀ ያህል ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለዊልፍ ከተተዉት ጉዳዮች ብዙዎቹ ዛሬም እንደተተዉ ናቸው። ሰዉ ግን አይቀየመውም ነበር። የከሰል ጉድጓዱ እስኪዘጋ አብሯቸው ከመሬት በታች የቆፈረ፣ ከዚያም ጡረታ እስኪወጣ ያችን ቀይ አውቶቡስ እየነዳ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት፣ እናቶቻቸውን ሐኪም ቤት ያመላለሰ ሰው ነው። ዝናብ ሲጥል ፌርማታ ያልሆነ ቦታ ላይ ሳይቀር ያቆምላቸው ነበር። ለምክር ቤቱ ሲወዳደር ዓይናቸውን ጨፍነው መረጡት፤ ከዚያም ወዲያ ማንም አልነቀነቀውም።

ዊልፍ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም ነበር፤ የሰው ዓይን እያየ እንቢ ማለት። ባለቤቱ ማርጆሪ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በር የሚያንኳኩ ሻጮችን ሁሉ የምትመልሰው እሷ ነበረች፤ ዊልፍ ከከፈተ ቤቱ በማይረባ መጥረጊያና በማይነበብ መጽሔት ይሞላል።

በምክር ቤቱ ይህ ጠባዩ ፈተና ሆነበት። ከመንደሩ ጀርባ ያለው የአትክልት ቦታ የምክር ቤቱ ነው፤ ሰው እየተከራየ ድንችና ጎመን ያበቅልበታል፣ ዶሮና እርግብ ያረባበታል። የማን መጋዘን ከልክ በላይ ሰፋ፣ የማን አጥር ዘመመ፣ የማን ዶሮ የማንን ሰላጣ ጨረሰች እየተባለ በየስብሰባው ይወሰን ነበር። ባለጉዳዮቹም ከኋላ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ እጁን ለማን እንደሚያወጣ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። አንድ ጊዜ አጥሯ እንዲፈርስ የተወሰነባት ሴት ዳቦ ቤት ውስጥ አግኝታው ፊቷን ስታዞርበት፣ ዊልፍ ዳቦውን ሳይገዛ ወጣ።

እሱ ነው እንግዲህ ያን ክረምት ሐሳቡን ያቀረበው። እንዲህ ያለውን የመጋዘንና የአጥር ጉዳይ የምክር ቤቱ ባለሙያ ብቻዋን ትወስን፣ ሥልጣኑ በውክልና ይሰጣት፤ የአካባቢው ተመራጭ ጉዳዩ ይመለስልን ካለ ግን ወደ ስብሰባ ይምጣ የሚል ነበር። አንድ ቃል ከተመራጩ ይበቃል። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ስብሰባው እራት ሳይደርስ አለቀ፤ ሊቀመንበሩም ዊልፍን ትከሻውን ይዞ አመሰገነው።

ነገሩ በራሱ ስህተት አልነበረበትም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እያለ፣ ስለ አጥር ምንም የማያውቁ ሰዎች ስለ አጥር ሲከራከሩ ማምሸታቸው የሚያስቅ ነው። ዊልፍ ግን ከሁሉም በላይ የተገላገለው ያንን እንቢ ማለትን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያላማረለት ሰው ሲመጣበት ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳና «ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ ሥልጣኑ የባለሙያዋ ነው» ይላል። ሰውየውም ባለሙያዋን ይረግማል፤ ለዊልፍ ደግሞ ቢራ ይጋብዘዋል።

ባለሙያዋ ጁዲት ፌል ትባላለች። ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ቦት ጫማዋን መኪናዋ ውስጥ የማታጣ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። መንደሩ አልለመዳትም፤ እሷም ለመለመድ ብላ አልተሽቆጠቆጠችም።

ኔድ ካርስ የዊልፍ አብሮ አደግ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ቆፍረዋል፤ ኔድ ሳንባው ውስጥ የከሰሉን ብናኝ ይዞ ነው የወጣው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀሩት እርግቦቹ ብቻ ናቸው። የእርግቦቹ ቤት ከዊልፍ ጓሮ አጥር ወዲያ ነው። የኔድ አባት ከከሰል ጉድጓዱ የድጋፍ እንጨትና ከአሮጌ የባቡር በር የሠሩት ሲሆን፣ ኔድ በየፀደዩ አረንጓዴና ነጭ ሸንተረር ይቀባዋል። ዊልፍም ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር እዚያው ቤት ሥር ቆሞ ከሩቅ ውድድር የሚመለሱ እርግቦችን ሲጠብቅ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው ያደገው፤ በሆርንቤክ ቅዳሜ ከሰዓት አንገቱን ወደ ላይ ሳያቀና ያደገ ወንድ የለም።

የቤቱ ጣሪያ የአስቤስቶስ ክዳን ነበር፤ ተሰነጣጥቆ በንፋስ ይንኮሻኮሻል። የከሰል ጉድጓዱ ቆሻሻ ይከመርበት በነበረው ቦታ ላይ የተሠራው አዲስ ሰፈር ሰዎች አቤት አሉ። ብናኙ ልጆቻችንን ይጎዳል፣ እርግቦቹ ያጠብነው ልብስ ላይ ይኩሳሉ፣ እህሉ አይጥ ይጠራል አሉ። ስለ ጣሪያው እውነት ነበራቸው። ወሩ ደግሞ የምርጫ ዋዜማ ነበር።

ጁዲት የደወለችለት ዊልፍ የፓርቲውን ቀይ ጥብጣብ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ የምርጫ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ፣ በዚያው በአዲሱ ሰፈር በር እያንኳኳ ሳለ ነው።

«ሚስተር ቶርፕ፣ ስለ ኔድ ካርስ የእርግብ ቤት ነው። ጣሪያው እንዲህ ሆኖ ሊቆይ አይችልም። ሥልጣኑ የእኔ ስለሆነ፣ ዝም ካሉኝ እንዲፈርስ እወስናለሁ፤ ሕጉ ሌላ ነገር እንድል አይፈቅድልኝም።»

«ገባኝ» አለ ዊልፍ። ከፊቱ ያለው በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ዊልፍ ፈገግ ብሎ ባርኔጣውን ነካ አደረገላት።

«እርስዎ ግን ወደ ስብሰባ ይምጣልኝ ቢሉ፣ ምክር ቤቱ ጣሪያው ብቻ እንዲቀየር ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። እኔ ያን ማድረግ አልችልም፤ እናንተ ትችላላችሁ። አንድ ቃል ነው የምጠይቅዎት።»

ስብሰባው ምን እንደሚመስል ዊልፍ ወዲያው ታየው። ኔድ በአንድ ወገን፣ እያሳለ፤ ይህቺ ሕፃን ያቀፈች ሴትና ሰፈርተኛዋ በሌላው ወገን። እሱ መሃል ላይ፣ እጁን አውጥቶ።

«አስቤበት ልንገርሽ» አለና ዘጋው።

አሰበበት። አስቦ አስቦ ቃሉን የሚሰጥበት ቀነ ገደብ አለፈ። ሊደውል ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀምጦ ያውቃል፤ ማርጆሪ አይታዋለች። «ምነው፣ ስልኩ ያቃጥላል እንዴ?» አለችው። እሱም የምርጫ ሥራ ነው አላት። በመጨረሻም ዝም ማለት ውሳኔ እንዳልሆነ ራሱን አሳመነ።

ማስታወቂያው የኔድ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ኔድ ገንጥሎ ኪሱ ከትቶ ወደ ክበቡ መጣ። መነጽሩን አልያዘም፤ ሊያነበውም አልፈለገም።

«ያቺ ሴትዮ የለጠፈችው ነገር አለ» አለው። «ጣሪያ ነው ምናምን። እየው እስቲ።»

ዊልፍ አነበበው። ሁሉም ነገር ተጽፎበታል፤ ተመራጩ እስከ መቼ ይመለስልን ማለት ይችል እንደነበር፣ ያም ቀን እንዳለፈ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ያኔ ኔድን ቁጭ አድርጎ ሊነግረው ይችል ነበር። ክበቡ ግን ሞቅ ብሏል፣ ቢሊያርድ የሚጫወቱት ይሳሳቃሉ፣ ኔድም ቢራ አዝዞለታል።

«ለእኔ ተወው» አለው፤ ወረቀቱንም አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

«እኔስ ምን አልኩ» አለ ኔድ። «አንተ እያለህልኝ ለምን እጨነቃለሁ።»

ዊልፍ ምርጫውን አሸነፈ፤ እንደ በፊቱ ሳይሆን በጥቂት ድምፅ ብቻ። ጁዲት ዳግመኛ የደወለችው በጋው ገብቶ የእርግብ ውድድሩ ወራት ሲጋጋል ነው። የሚያፈርሱት ሠራተኞች ተዘጋጅተዋል፤ እሷ ግን አንድ ነገር አሳስቧታል።

«እርግቦቹ እንዳይጎዱብኝ እፈልጋለሁ። ሚስተር ካርስ ላነጋግረው ስሄድ ዊልፍ ይዞታል ብሎ በሩን ይዘጋብኛል። እርስዎ ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ቀን አለ?»

ዊልፍ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ማርጆሪ ጀርባዋን ሰጥታው ድንች ትልጣለች። ስልኩን ቶሎ መዝጋት ብቻ ነበር የፈለገው። «ሐሙስ ማታ ወደ ፈረንሳይ ይላካሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለታላቁ ውድድር። ከዚያ ወዲያ እንቁላል ላይ የተቀመጡ ጥቂቶች ናቸው የሚቀሩት፤ የእርግብ ክበቡ ጸሐፊ ስታን ይወስድልሻል። ዓርብ ይሻላል።»

«አመሰግናለሁ» አለች ጁዲት፣ ከልቧ።

ይህን ያለው በእርግብ መሃል ያደገው ዊልፍ ነው። እርግብ ፈረንሳይ የምትላከው ወደ ቤቷ እንድትመለስ መሆኑን ገና በእግሩ ሳይሄድ የሚያውቅ ሰው ነው። ከከተማ የመጣችው ሴት ባዶ ቤት ሲባል ባዶ ቤት መስሏት ነው። ዊልፍ ግን ምን መሰለው? ኋላ ራሱን ደጋግሞ ጠይቆታል፤ መልሱም ያው ነው፣ ስልኩ እንዲዘጋ ብቻ ፈልጎ ነበር።

ማርጆሪ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዞራም አላየችውም። «ኔድ ያውቃል?» አለች።

«ሥልጣኑ የእሷ ነው፣ ማርጆሪ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

ዊልፍ ከወጥ ቤቱ ወጣ። ዓርብ ዕለት ግን ኔድ ዱራም ከተማ ሐኪም ቤት ለሳንባው ቀጠሮ ነበረው፤ በአውቶቡስ ሊሄድ ሲል ዊልፍ በመኪናዬ ላድርስህ አለው። ሲፈርስ እንዳያይ ብዬ ነው፣ ለእሱው ብዬ ነው አለ በልቡ። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚያህለው የለም።

መንገዱን ሁሉ ኔድ ስለ ሰማያዊቷ ሲያወራ ሄደ። ሚስቱ በእጇ ያሳደገቻት የእርግብ ዘር ናት፤ ዘንድሮ እንደ እሷ ያለች አላየሁም ይላል። «እንቁላል ላይ እያለች ነው የላክኋት፤ አሁን ወንዱ ይዞላታል። እንቁላል ትታ የሄደች ደግሞ ምንም አያቆማት። ነገ በዚህ ንፋስ ከምሳ በኋላ ትገባለች፤ ተመልከት አልኩህ።» ከኪሱ ሚንት ከረሜላ አውጥቶ አካፈለው። ዊልፍ ከረሜላውን አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ዊልፍ ረጅሙን መንገድ ያዘ። ባሕሩ ዳር አቁሞ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዛለት። ኮምጣጤ ጨምሩበት፣ ጨው ጨምሩበት እያለ ጊዜ ገደለ።

«ዛሬ ምን ነካህ አንተ?» አለው ኔድ እየሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። «ሐኪሙ ይሞታል ብሎህ ከሆነ ንገረኝ እንጂ፤ አንተ እንዲህ ቸር ሆነህ አታውቅም።»

አትክልት ቦታው ሲደርሱ ሠራተኞቹ ይጠርጋሉ። አረንጓዴና ነጩ ቤት ቦታው ላይ የለም፤ ጎመን በጎመን መሃል አራት ማዕዘን ባዶ መሬት ብቻ ተኝቷል። ክዳኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተጭኗል። ጁዲት ቦት ጫማዋን አድርጋ ቆማለች፤ የኔድን የእህል ቆርቆሮና የውድድር ሰዓቱን ለብቻ፣ በጥንቃቄ፣ ሳጥን ላይ አስቀምጣለች።

ኔድ አጥሩን ተደግፎ ለመተንፈስ ታገለ። «እርግቦቼ» አለ። «ነገ ይመጣሉ እኮ።»

ጁዲት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «የቀሩትን ስታን እርስዎ የሚያውቁ መስሎት ወስዷቸዋል፣ አልተጎዱም» አለች ቀስ ብላ። «ሌሎቹ ግን... ባዶ ነው ሲሉኝ፣ እኔ...»

«ማን ሥልጣን ሰጠሽ?»

«ምክር ቤቱ ነው የሰጠኝ። ሚስተር ካርስ፣ እኔ ለሚስተር ቶርፕ ደውዬላቸው ነበር። አንድ ቃል ቢሉኝ ጉዳዩ ወደ ስብሰባ ይሄድ ነበር። ነግሬያቸዋለሁ።»

ኔድ ወደ ዊልፍ ዞረ። ሠራተኞቹም መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከጎመኑ ማዶ ሁለት ጎረቤቶች ቀና አሉ። ዊልፍ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የዕድሜ ልክ ጓደኛው ዓይን እያየው ነው፣ መልስ የሚጠብቅ ሳይሆን የተማመነ ዓይን።

«ኔድ» አለ ዊልፍ። «ሥልጣኑ እኮ የእሷ ነው። እኔ ምን አቅም አለኝ።»

ውሸት አልነበረም። እንዲህ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሰው የሚዋሽበት ጊዜ አለ።

ኔድ ወደ ጁዲት ተመለሰ። «ሰማሽ?» አላት። «ውሸታም ነሽ። ዊልፍ ቶርፕን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በእኔ ላይ እንዲህ አያደርግም። ለሥራሽ ማላከኪያ የሰው ስም አታጥፊ።»

ጁዲት ዊልፍን አየችው። ጊዜ ሰጠችው። እሱ ጫማውን ያያል። ጓንቷን አውልቃ፣ ቆርቆሮውንና ሰዓቱን አንስታ ለኔድ ሰጠችውና ወደ መኪናዋ ሄደች። ከጎመኑ ማዶ ያለው ሰው ስትሄድ ከኋላዋ አፏጨባት። ዊልፍ ያንንም ሰምቶ ዝም አለ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኔድ ከጠዋት ጀምሮ በባዶው መሬት ላይ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ፣ ቆርቆሮውን እግሩ ሥር አድርጎ። ስታንና ሌሎች የክበቡ ሰዎች ከአጥሩ ጋር ቆሙ። ዊልፍ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ከመጋረጃው ኋላ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንዲት ነጥብ ከደቡብ መጣች። ኔድ ተነሳ። ሰማያዊቷ ነበረች፤ ባሕር ተሻግራ፣ ማንንም ሳታስከትል፣ ብቻዋን። አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ የመግቢያው ሳንቃ ወደነበረበት ወረደች፤ እግሯን ለማረፍ ዘረጋች። የምታርፍበት አልነበረም። በአየር ላይ ተንገዳገደችና ተመልሳ ወጣች። ደግማ ወረደች። ሦስተኛም ሞከረች። ከዚያ አቅራቢያ ባለው ጣሪያ ላይ፣ በዊልፍ ቶርፕ ጭስ ማውጫ ላይ፣ ደረቷ እየተንደቀደቀ ዐረፈች።

በዚህ ውድድር እርግብ ደረሰች የሚባለው ባለቤቷ ይዞ የእግሯን ቀለበት አውልቆ የመድረሻ ጊዜዋን በሚመዘግበው ሰዓት ውስጥ ሲከት ነው። ኔድ ቆርቆሮውን እያንኳኳ በዊልፍ ጓሮ ገባ። «ነይ፣ ነይ የኔ እመቤት» ይላል፤ ሳሉ ያቋርጠዋል፤ እንደገና «ነይ» ይላል። እርግቧ እሱን ታያለች፣ መሬቱን ታያለች፣ አትወርድም። ሌሎቹም እየመጡ እየዞሩ አጠገቧ ተደረደሩ፤ የዊልፍ ጣሪያ ጠርዝ በኔድ እርግቦች ሞላ። መንደሩ በየጓሮው ወጥቶ ያያል። ከጎረቤት መንደር የአንዱ ሰው እርግብ ገብታ ሰዓት ተመታላት የሚል ወሬ ሲደርስ፣ ስታን የኪስ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰማያዊቷ ከዚያ በፊት ጀምሮ እዚያው ተቀምጣለች።

«ወይ ውጣ፣ ወይ መጋረጃውን ዝጋ» አለች ማርጆሪ ከኋላው። «እንዲህ ሆነህ አልይህ።»

ወጣ። ሰው ሁሉ እያየው በጓሮው በኩል ወደ ኔድ ሄደ።

«ኔድ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። ደውላልኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የፈለገችው፣ ምርጫው ስለደረሰ ዝም አልኩ። ዓርብ ይሁን ያልኳትም እኔ ነኝ። አንተን ሐኪም ቤት የወሰድኩህም... እያወቅሁ ነው።»

የክበቡ ሰዎች ሰሙ። ስታን ወደ ጎን ዞረ። ኔድ ዓይኑን ከጭስ ማውጫው አላነሳም፤ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ብቻ አቆመ።

«ዝም በል ዊልፍ» አለ። «ታስደነብራታለህ።»

ከዚያ ደግሞ፣ ለራሱ የሚናገር ያህል፣ «ያቺን ልጅ ውሸታም አልኳት» አለ። ዊልፍ አጠገቡ ቆሞ ቀረ፤ ኔድ ሂድም አላለው፣ ቆይም አላለው።

ሰኞ ዊልፍ ወደ ጁዲት ቢሮ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ቁጭ ይበሉ አላለችውም፤ ግን ሰማችው። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ስለ እርግብ ባለማወቄ ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ኔድ ካርስ ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር» አለች። «ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ፣ እያሳለ። ውሸታም ስላልኩሽ ይቅርታ አለኝ። የሚያሳፍረኝ እሱ መጥቶ እኔን ይቅርታ መጠየቁ ነው፣ ሚስተር ቶርፕ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ዊልፍ ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ። ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ ካዳመጠው በኋላ «ዊልፍ፣ ራስህን አትጉዳ፤ ውሳኔው በሕግ የባለሙያዋ ነው» አለውና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ዊልፍ እንደቆመ ነበር። ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው፤ ምን ያህል እንደምታስቀይም ያኔ ገባው።

ኔድ እርግቦቹን ለስታን ሰጣቸው። የስታን ቤት ግን ራቅ ያለ ነው፤ ሲለቀቁ ብዙዎቹ ለመዱ፣ ሰማያዊቷ ግን እንቢ አለች። በተለቀቀች ቁጥር ስታንን ትታ ወደ ቀድሞው ቦታዋ ትመጣለች፣ ባዶው መሬት ላይ ትዞራለች፣ ከዚያ በዊልፍ ጭስ ማውጫ ላይ ታርፋለች። ኔድም ቅርጫቱን ይዞ ሊወስዳት ይመጣል። ዱሮ በጓሮ በር ሳያንኳኳ ገብቶ ድስቱን ከፍቶ የሚያይ ሰው፣ አሁን በፊት ለፊት በር መጥቶ ያንኳኳል።

«ደህና አደሩ፣ ሚስተር ቶርፕ» ይላል። «መሰላሉን ይፈቅዱልኛል?»

ዊልፍ መሰላሉን ያመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ኔድ እያሳለ አንዱን እግር ከሌላው በላይ ሲያስቀምጥ አይቶ አላስቻለውም።

«እኔ ልውጣ፣ ኔድ። አንተ አትችልም። እባክህ።»

ኔድ መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ ወደ ታች ሳያይ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።

«የለም» አለ። «ለእኔ ይተዉት።»

ዊልፍም የመሰላሉን እግር ይዞ ቆመ።